ጋሻው ይለስልስ፣ ሽጉጡ ይቅር

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፈተና፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ሰዓት አክባሪነት ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ስለ አሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። እንዳትስቁ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተሠራ አንድ ዕቃ ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን ግቢ ሕፃናትን አስለቅሷል፣ ወላጆችን አከራክሯል፣ እኔንም ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድራማ ክበባችን የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ቀን የሚያሳይ አጭር ተውኔት እያዘጋጀ መሆኑን ታውቃላችሁ። እኔም ክበቡን ከሚያግዙት ወላጆች አንዱ ነኝ። ለተውኔቱ ዘውድ፣ ጋሻ፣ ጎራዴና ሽጉጥ ያስፈልጋል ተባለ። መግዣ ገንዘብ የለም፤ ቢኖርም በካኩማ ገበያ የንጉሥ ዘውድ አይሸጥም። ስለዚህ ልጆቹ ሥራውን ተከፋፈሉት። ሽጉጡ የደረሰው ለአንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ልጁ እዚህ ፓታፓታ የምንላቸውን ሁለት ያለቁ ነጠላ ጫማዎች ከቆሻሻ መጣያ አንሥቶ፣ አጥቦ፣ ቆርጦ፣ አጣብቆ፣ ፍቆ፣ በመጨረሻም በጥቁር የጫማ ቀለም ወልውሎ ለልምምድ ይዞ መጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሥራው ያስደንቅ ነበር። መጋጠሚያው አይታይም። የጫማው ሸንተረር ጠፍቷል። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ብረት ያንጸባርቃል። እኔ ራሴ በእጄ እስክይዘውና ቀላል መሆኑን እስካውቅ ድረስ ልቤ ደንግጦ ነበር። ልጁ ግን ገና ከኪሱ ሲያወጣው፣ ልምምዱን ለማየት ከፊት ከተቀመጡት የ2ኛ ክፍል ሕፃናት አንዷ ከወንበር ሥር ገባች። ሌላው በበሩ በኩል እየሮጠ ወጣ። ልጅቷን ከወንበሩ ሥር ለማውጣት እናቷ መጠራት ነበረባት። በዚያው ቀን ማታ ልጁ ዕቃውን ወገቡ ላይ ሽጦ ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ጥበቃ በጨለማው አየው፤ እጁን ወደ ላይ አስነሥቶ መሬት ላይ አስተኛው። ፎም መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ያለፉትን ደቂቃዎች ልጁ ሲናገር እስከ ዛሬ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ወዲህ ወላጆች በሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶች «ይህ የእጅ ሥራ የሚባል ነገር ይቅር፣ ልጆቻችን ይማሩበት» ይላሉ። ሌሎች «ልጁ ምን አጠፋ? ድራማ ነው» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። የእጅ ሥራው ይቀጥል፣ እንዲያውም ከእስካሁኑ በተሻለ ይሠራ፤ ሽጉጡ ግን ይቅር እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ስለ ሥራው። በከተማ የእጅ ሥራ ሱቆች በየቀለሙ እየታሸገ የሚሸጠው ፎምና የነጠላ ጫማችን ሶል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ኢቪኤ ይባላል። ውስጡ በጥቃቅን የአየር ቋቶች የተሞላ ፕላስቲክ ነው። በሚቆረጥበት ጊዜ ቋቶቹ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ የተቆረጠው ገጽ የዳቦ ውስጥ ይመስላል። እንዲሁ ቀለም ቢቀቡት ቀለሙን ይመጠዋል፣ ሻካራነቱም ይባስ ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ልጆች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ ቀለም ቀብተው «ጨረስኩ» ይላሉ። ያ ልጅ ግን አላቆመም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ያለ መምህር ተምሮታል። አንድን ነገር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማለስለስ የሚችል ልጅ ሒሳብንም ቢሆን መልሱን ሳያረጋግጥ አይሰጥም። «ልጆቻችን ይማሩበት» ለምትሉ ወላጆች የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ይህም ትምህርት ነው።

ከነጠላ ጫማ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ኬንያ ውስጥ ኦሽን ሶል የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው የተጀመረው ባሕር ወደ ኬንያ ዳርቻ ከሚተፋው የተጣለ ነጠላ ጫማ ነው። ሠራተኞቹ ጫማውን አጥበው፣ አጣብቀው፣ በቢላ ጠርበውና አለስልሰው ዝሆን፣ ቀጭኔና ኤሊ ያወጡበታል፤ ወደ ውጭ አገርም ይሸጣል። እኛ የምንጥለው እነርሱን ያበላል ማለት ነው።

እንግዲህ ሥራውን ይህን ያህል ካመሰገንሁ ሽጉጡን ለምን እጠላለሁ? ምክንያቱም አጨራረሱ ባማረ መጠን ጉዳቱ ይጨምራል። ሸካራ፣ ባለ ሸንተረር፣ ሰማያዊ የጫማ ሽጉጥ ማንንም አያስደነግጥም። የለሰለሰና ያንጸባረቀ ግን ያስደነግጣል። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል ይባላል። በዚህ ካምፕ ውስጥ እባብ ያልነደፈው ቤተሰብ የትኛው ነው? ልጥ መሆኑን የሚያውቀው የያዘው ልጅ ብቻ ነው። ከወንበር ሥር የገባችው ሕፃን አታውቅም። በጨለማ የቆመው ጥበቃም አያውቅም።

ይህ የእኛ ካምፕ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ክሊቭላንድ በተባለ ከተማ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 ታሚር ራይስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ይጫወት ነበር። መጫወቻ መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ምልክት በላዩ አልነበረም። የመጣው ፖሊስ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ተኮሰበት፤ ልጁም በማግስቱ ሞተ። ሰላም ባለበት አገር፣ በቀን ብርሃን የሆነ ነገር ነው። እኛ ይህን እያወቅን ልጃችንን እውነተኛ የሚመስል ሽጉጥ አስይዘን በካምፕ መንገድ ላይ ልንልከው አይገባም።

አሁን የሚቀርቡብኝን ተቃውሞዎች ላንሣ።

አንደኛው «ታሪክ ይዛባል» የሚለው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት በሽጉጥ ነው፤ ያም ሽጉጥ ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ እንደነበረ ይነገራል። ሽጉጡ ከሌለ ታሪኩ ምን ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እስቲ አስተውሉ፤ የመቅደላን ተራራ መድረክ ላይ አላመጣንም። በሺህ የሚቆጠረውን የእንግሊዝ ጦር 5 ልጆች ሆነው ሊያሳዩን ነው፤ እኛም ጦር ነው ብለን ልንቀበል ነው። ተመልካች ተራራውንና ጦሩን በልቡ መሙላት ከቻለ ሽጉጡን መሙላት አያቅተውም። ቃሉ ይነገር፤ ዕቃው አይታይ።

ሁለተኛውን የነገሩኝ አንድ የማከብራቸው አባት ናቸው። «እነዚህ ልጆች ያላዩት የለም፤ እንዲያውም ይልመዱትና ፍርሃቱ ይውጣላቸው» አሉኝ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍርሃት በድንገት በማስደንገጥ አይወጣም። ልጅቷ ለድራማ ተቀምጣ ነበር እንጂ ፍርሃቷን ለማውጣት አልመጣችም። የጠየቃትም የለም።

ሦስተኛው ከመምህራን የመጣ ሐሳብ ነው። «ሽጉጡ ይኑር፣ ግን ሸካራ ይሁን፤ ወይም ቢጫ ቀለም ይቀባ» የሚል። ይህ ከሁሉ የተሻለ ሐሳብ ነው፤ ብዙም አስቤበታለሁ። በመጨረሻ ግን አልተቀበልኩትም። ቢጫ ሽጉጥ በንጉሡ ሞት ላይ ሰውን ያስቃል። ከዚያም በላይ፣ ጎበዝ ሠራተኛ የሆነውን ልጅ «ሆን ብለህ አበላሽተህ ሥራ» ማለት አልፈልግም። በልጅነቱ አጨራረስ የተማረውን ልጅ እኛ ትልልቆቹ ማስረሳት የለብንም። እስከ መጨረሻው ልናሳምረው የማንችለውን ነገር ከመጀመር፣ እስከ መጨረሻው ብናለሰልሰው ማንንም የማይጎዳ ነገር መምረጥ ይሻላል።

«ጎራዴውስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጎራዴውም በአፎቱ ውስጥ ይሁን፤ አፎት ብቻ ይሠራ፣ አይመዘዝ። ከጎራዴ የሸሹም በመካከላችን አሉ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ጋሻው ነው። ጋሻ መከላከያ ነው፤ ማንም ጋሻ አይቶ ከወንበር ሥር አይገባም። የአገራችን ጋሻ ክብ ነው፤ መካከሉ ወደ ውጭ ያበጠ፣ ከወፍራም ቆዳ የሚሠራ ነው። የመኳንንቱ ደግሞ በከፈይ ተለብዶ በብርና በወርቅ ያጌጣል። ይህን ከነጠላ ጫማ መሥራት ከሽጉጡ የበለጠ ከባድ ነው፤ ያ ልጅ የሚመጥነውም ይህ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ሞክሩት።

በመጀመሪያ ከ12 እስከ 14 የሚሆኑ አሮጌ ሶሎች ሰብስቡ፤ ግራና ቀኝ መሆናቸው ግድ የለም። በሳሙና እጠቡና በጥላ አድርቁ። ማሰሪያውን አውልቃችሁ እያንዳንዱን ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አራት ማዕዘን ቁረጡ። ቢላው ስለታም ይሁን፤ የደነዘ ቢላ ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ቢላውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ጎኑ ከተንጋደደ መጋጠሚያው ክፍት ይሆናል። ታናናሽ ልጆች ቢላውን ለታላላቆቻቸው ይስጡ።

ቁርጥራጮቹን ጎን ለጎን ደርድራችሁ በወስፌና በጠንካራ ክር ከኋላ በኩል ስፏቸው። ብዙዎቻችሁ ማስቲሽ ይቀላል ትላላችሁ። ማስቲሽ በእርግጥ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ሽታው ራስን ያዞራል፣ ሳንባንና አእምሮን ይጎዳል። በአዲስ አበባም በናይሮቢም ጎዳናዎች ስንት ልጅ ያን እያሸተተ እንደ ጠፋ የምናውቅ እናውቃለን። ስለዚህ ማስቲሽ የግድ ካስፈለገ ጫማ ሰፊው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ያጣብቅላችሁ። ቆርቆሮው በልጅ እጅ አይግባ።

ከተሰፋ በኋላ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። አሁን ጠፍጣፋ ነው። እንዲያብጥ ከጠርዙ ወደ መካከል የሚጠብቡ 4 ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች እያንዳንዳቸውን በጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርጋችሁ አውጡ፤ ከዚያ ክፍቱን ገጥማችሁ ስፉ። ልብስ ሰፊ ቀሚስን ከወገብ እንደሚያጠብ ማለት ነው። ጠፍጣፋው ክብ ራሱን አጥፎ ጉብ ይላል። የጂኦሜትሪ መምህራችሁን ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ የማለስለሱ ሥራ ይመጣል፤ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት የጫማውን ሸንተረር ፍቃችሁ አጥፉ። አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ። የወረደውን ዱቄት አትጣሉት፤ ከነጭ የእንጨት ኮላ ጋር ለውሳችሁ መጋጠሚያውንና የስፌቱን ቀዳዳ ድፈኑበት። ሲደርቅ በለስላሳው ወረቀት እንደገና ፈግፍጉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው የከሰል ካውያ አሙቆ፣ ሳያስነካ ከላዩ ጠጋ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ያሳልፍበት። ሙቀቱ የተከፈቱትን ቋቶች ይዘጋቸዋል፤ ገጹ ትንሽ ሲያብለጨልጭ በቃ ማለት ነው። ከቆየ ይቀልጣል፣ ጭሱም መጥፎ ነው።

ቀጥሎ ሁለት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውኃ አቅጥኑና በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲደርቅ በቀስታ ፈግፍጉ፤ እንደገና ቀቡ። ይህን 4 ወይም 5 ጊዜ ድገሙት። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት አይጠቅምም፤ ይንጠባጠባል፣ ይሰነጠቃል። የካኩማን አቧራ ደግሞ አትርሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እርጥብ ኮላ ላይ አሸዋ ከተለጠፈ የሦስት ቀን ድካም በአንድ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በማለዳ ቀብታችሁ በቤት ውስጥ፣ በተገለበጠ ሳፋ ሥር አድርቁት። በመጨረሻ ከፈዩን እንዲመስል ጠቆር ያለ ቀይ የውኃ ቀለም ቀቡት። ለብሩ ጌጥ የሻይ ቅጠል ፓኬት ውስጠኛውን ብርማ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ከሥሩ አንዲት ጉብታ ብትቀር ብርማው ወረቀት ወዲያው ያሳብቅባችኋል። ማለስለሱ ለምን እንዳደከማችሁ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ጋሻን የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ዘውዱን፣ መጻሕፍቱንና ሌላውንም ንብረት ዘርፎ ሄደ። ብዙው እስከ ዛሬ በለንደን ቤተ መዘክሮች ይገኛል። ግን ሁሉም እዚያ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ከተመለሱት ቅርሶች መካከል አንድ ዘውድና አንድ ጋሻ ይገኙበታል። በ2024 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በጨረታ ሊሸጥ የነበረ ሌላ የመቅደላ ጋሻ በኢትዮጵያ አቤቱታ ከጨረታው ወጥቷል። ከ150 ዓመት በላይ በሰው አገር የቆየ ጋሻ ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ተገኘ። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ትርጉሙን እነርሱ ያውቁታል።

የመጨረሻው ትዕይንት እንዴት ይሁን? እኔ እንዲህ አስቤያለሁ። ንጉሡ ጀርባቸውን ለተመልካች ሰጥተው ይቆማሉ። ከመጋረጃ ጀርባ ከበሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ ይመታል። ሕፃናቱ እንዳይደነግጡ ከበሮው እንደሚመታ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከዚያ ጋሻው ከንጉሡ እጅ ይወርዳል። ፎም ሲወድቅ ድምፅ የለውም። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሆነውን ከማንኛውም ተኩስ በላይ ሰው ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ በመድረክም በግቢም መሣሪያ የሚመስል ዕቃ እንዳይሠራ ደንብ ያውጣ፤ ለእጅ ሥራ ግን በሳምንት አንድ ሰዓትና አንድ ጥግ ይስጥ። ወላጆች፣ ያለቀውን ነጠላ ጫማ አትጣሉ፣ አታቃጥሉም፤ ለክበቡ ላኩ። ተማሪዎች ሆይ፣ «ጨረስኩ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጣታችሁን በላዩ አሳልፉ፤ ጣት አይዋሽም።

በመጨረሻ ለዚያ ልጅ አንድ ቃል። ሽጉጥህ ዛሬም በመምህራን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ጋሻውን እንድትሠራ ስለምንህ «ሽጉጤስ?» ብለህ ጠየቅኸኝ፤ መልስ አልሰጠሁህም ነበር። አሁን ልመልስልህ። ያንተ ሥራ ነውና ማንም አይሰብረውም፣ ማንም አይጥለውም። ይመለስልህ ብዬ እለምንልሃለሁ። የጋሻው መካከል ላይ የሚቀመጠው እምብርት ግን ወፍራም፣ በደንብ የለሰለሰ ፎም ይፈልጋል፤ በግቢው ውስጥ ከዚያ የተሻለ የለሰለሰ ፎም የለም። በገዛ እጅህ ትቆርጠው እንደሆነ ያንተ ፈንታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቢላዬን ስዬ እጠብቅሃለሁ።

ቸር ይግጠመን።